ወይኔ የማይባልበት ቤት

እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሰው አይጮህም። አውራ ጣቱን በመዶሻ የቀጠቀጠ ሠራተኛ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጸሎት ላይ ያገኙት ሰው መስሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ «ወይኔ» አይልም። አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው ግንድ ማንከባለል አይደለም፤ አፉን መያዝ ነው። ሳቅ እንኳ እዚያ ቤት የሚሳቀው በአፍንጫ ነው።

ደንቡ ከአጉል ጀግንነት የመጣ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ከክምሩ ላይ ግንድ ሲንሸራተት አየና «ኧረ» ብሎ ጮኸ። ግንዱ ማንንም ሳይነካ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። መጋዙ ላይ የነበረው ሰው ግን በጩኸቱ ደንግጦ ዞረ፤ እጁም ከጣውላው ጋር አብሮ ሄደ። ጣቶቹን ከሰጋቱራው ውስጥ ለቅመው አወጡለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ለምንም አልሆኑም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሲያመው፣ ሲፈራ፣ አደጋ ሲያይ፣ የመጋዙን ጠረጴዛ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። መጋዙ ላይ ያለው ሰው ንዝረቱ በክንዱ ይሰማዋል፤ ሳይደነግጥ፣ ዞር ሳይል፣ ማሽኑን ያጠፋል። በዚህ ዘዴ የማንም ጣት ሳይጎድል ኖረዋል።

ያን መጋዝ ከተጎዳው ሰው የተረከበው ሰንጣቂው ነው። ሰንጣቂው ይሉታል፤ የሥራ ጓደኞቹም፣ ሰፈሩም፣ ሚስቱም ስትቀልድበት። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው፤ በዚያ ሙያ ይህ እንደ ማዕረግ ይቆጠራል። ችግሩ፣ ቱታውን በር ላይ አውልቆ እንደሚገባው ሁሉ ደንቡንም አውልቆ መግባት አለመቻሉ ነበር። ሚስቱ ማርገዟን የነገረችው ቀን «ጥሩ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። «አንተ ሰውዬ፣ እሰይ እንኳ አይባልም?» አለችው። ቧንቧው ሥር ቆሞ የታጠበውን እጅ በደስታ ደጋግሞ ሲያጥብ እንደነበር አላየችም። ደስታውስ ነበረ፤ መውጫ አጣ እንጂ።

የተወለደችው ሚጣ ናት። ገና መራመድ እንደጀመረች ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ አፏን ለጩኸት ስትከፍት አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ነፍስ ስታውቅ ደግሞ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የዚያን ሰው ታሪክ አንድም ሳያስቀር ነገራት። «አየሽ ሚጣ፣ ጩኸት እጅ ይቆርጣል» አላት። ሲያማትም፣ ስትፈራም፣ እንደ መሰንጠቂያው ሠራተኞች በመዳፏ መታ መታ እንድታደርግ አስተማራት። ሚጣ ፈጣን ተማሪ ነበረች። የጎረቤት ልጆች ብስኩት ተቀማን ብለው ሰፈሩን ሲያናውጡ፣ የሱ ልጅ ጣቷ በር ተዘግቶበት ግድግዳውን ሁለቴ መትታ ዝም ትላለች። እግዜር ይየው፣ ሰውየው ኮርቶባት ነበር።

ይህን ሁሉ ዝምታ የሚያካክሱት አማቱ ነበሩ። ሁለት ቤት አልፈው ነው የሚኖሩት፤ ሰፈሩ እማማ ጉድ ይላቸዋል። ጨው ሲደፋ «ኧረ ጉድ»፣ ድመት ወተት ስትልስ «ጉድ ፈላ»፣ ያሰጡት ልብስ ላይ ሲያካፋ «ጉዴ ነው ዛሬ»። ድሮ ጎረቤት ድምፃቸውን ሲሰማ በባልዲ ውሃ ይዞ ይሮጥ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ምሳ ላይ ያለ ሰው ጉርሻውን ሳያቋርጥ «እማማ ጉድ ናቸው» ብሎ ማለፍ ጀመረ። አማችና አማት ተግባብተው አያውቁም ብንል ይቀላል፤ አንደኛው ቤት ቢቃጠል አይጮህም፣ አንደኛዋ ክብሪት ሲጫር ይጮኻሉ። መሐል ላይ ሆና ለሁለቱም የምታስተረጉመው ሚስትየዋ ነበረች። እሷ ደግሞ እህቷ ስለወለደች ልትጠይቃት ሌላ ከተማ ሄዳለች። ሰንጣቂው ገና ሳይነጋ ሥራ ስለሚገባ፣ ሚጣ ለጊዜው የምታድረው አያቷ ዘንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሻይ እረፍት ሰዓት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሠራተኛው ክምር ላይ ተቀምጦ ሳለ የሰንጣቂው ስልክ ጮኸ።

«ኧረ ጉድ ሆንኩልህ ልጄ፣ ሚጣ እህል አልቀምስም አለችኝ። ትምህርት ቤትም አልሄደች። ሦስቴ አስመለሳት፣ ኧረ ምን ልሁን እኔ።»

«ምን ይላታል፣ እማማ?»

«ምንም አልል አለችኝ እንጂ። እሱ አይደል ጉዱ።»

ሰንጣቂው አሰበ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ትንፋሽ፣ ደውለውለት ነበር። ያኔ የጠፋው የድስት ክዳን ነው። ትናንት ማታ ሲያልፍ ገብቶ «ሚጣ፣ ደህና ነሽ?» ብሏታል፤ «ደህና ነኝ አባዬ» ብላዋለች። ሚጣ አትዋሽም።

«ለምሳ ስወጣ አያታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መጋዙን መልሶ ሲያስነሳ ግን «ምንም አልል አለችኝ» ያሉት ከጆሮው አልወጣ አለው። ጣውላው ላይ አተኩሮ ሊያልፈው ሞከረ፤ አላለፈውም።

ለምሳ ሲወጣ እንደወትሮው ከጓደኞቹ ጋር አልተቀመጠም። ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። የአማቱ ድምፅ ሁሌም ከደጅ ነበር የሚቀበለው፤ ዛሬ ግቢው ጭር ብሏል። ጓዳው ውስጥ የተጣደ ነገር እየገነፈለ ነው፤ የሚያነሳው ሰው የለም። ከዚያ ከመኝታ ክፍሉ ሰማው። መታ መታ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ መታ መታ። ሰውነቱ ከሱ ቀድሞ ገባው፤ ቀኝ እጁ የሌለ ማሽን ሊያጠፋ አየር ላይ ተዘረጋ።

ሚጣ ጉልበቶቿን ደረቷ ላይ አጥፋ በጎኗ ተኝታለች። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። አንድ እጇ የአልጋውን እንጨት ይመታል።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?»

«ሆዴን ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አያቷን አየት አደረገች። «ትናንት ትምህርት ቤት እያለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ስትደበድብ ነው ያደረችው» አሉ አያት። «ጨዋታ መስሎኝ 'አንቺ ልጅ አርፈሽ ተኚ' ብዬ ተቆጣኋት። ኧረ እኔ አፈር ልብላ። እስቲ ሆድሽን ልየው፣ ትናንት የበላሽው ያ...» ብለው እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። እዚያው ላይ ንግግራቸው ተቋረጠ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ሰንጣቂው «ጉድ» እስኪሉ ጠበቀ። አላሉም። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት፤ ከዚያ ዓይኑን አዩት። እኚህን ሴት ካወቃቸው ጀምሮ ዝም ብለው አይቷቸው አያውቅም። ሕይወቱን ሙሉ በዝምታ መሐል የኖረ ሰው ያን ጊዜ ዝምታ አስፈራው።

ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ፤ አማቱም ተከተሉት። ታክሲው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሚጣ ሸሚዙን ጨምድዳ ትይዝና ደረቱን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። «ተኝታ ነው? እኔስ ቤት ቢሆን ይቺን መንገድ በጩኸት ነበር የምንጨርሳት። ጨዋ ልጅ ነው ያለህ» አለ። እያንዳንዷ ምት የምትገባው ሰንጣቂው አጥንት ውስጥ ነበር፤ ማሽን ቢሆን አጥፍቶት ነበር፤ ይህን ግን በየት በኩል እንደሚያጠፋው አያውቅም።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ጢም ብሏል። ሰው አግዳሚ ላይ፣ ወለል ላይ፣ በር ሥር ተቀምጧል። አንዲት ተረኛ ነርስ ብቻዋን ትሯሯጣለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፣ ዓይኗ ለሁሉም አልደርስ ብሏት ስለነበር በጆሮዋ ነበር የምትሠራው። ከፍ ብሎ የተሰማው ጋ ትሄዳለች። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት አንድ ጎረምሳ «ሞትኩ፣ እናቴ ድረሺልኝ» እያለ ኳስ አብረውት ከሚጫወቱት ጋር ገባ፤ ወዲያው አልጋ አገኘ። አባታቸው ራሳቸውን ስተው የወደቁባቸው ቤተሰቦች እየተላቀሱ መጡ፤ ሰውየው መሐል ላይ «ኧረ ተዉኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ቢሉም ሰሚ አላገኙም፤ እሳቸውም ገቡ።

ነርሷ እነሱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ሆዷን አሟታል» አለ ሰንጣቂው። ይህን ያለበት ድምፅ ለደንበኛ የጣውላ ውፍረት የሚናገርበት ድምፅ ነበር።

«በጣም ያምሻል ሚጣዬ?»

«ትንሽ።»

«ጎበዝ ልጅ። የበላችው ነገር ይሆናል። ቁጭ በሉ፣ እንጠራችኋለን።»

ነርሷ ሄደች። ሰንጣቂው ቁጭ አለ። ልጁ ጭኑ ላይ እየተንቀጠቀጠች አግዳሚውን ትመታለች፤ መታ መታ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ልጅቷ ሙዚቀኛ ናት» ብሎ ፈገግ አለላት። በሩ ይከፈታል፣ ስም ይጠራል፣ የነሱ አይደለም። ሰንጣቂው ልጅቷን ለአያቷ አስታቀፋቸውና ተነስቶ ሄደ።

«እህቴ፣ ልጄን በጣም አሟታል መሰለኝ።»

«አባት፣ እዚህ ያለው ሁሉ በጣም ያመመው ነው። ትንሽ ይታገሱ።»

ሲመለስ ራሱን ረገመ። «መሰለኝ» ያለው ለምንድን ነው? ሆዱ ውስጥ እሳት ነው፤ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ቀዝቅዞ፣ ተስተካክሎ፣ ጨዋ ሆኖ ይወጣል። ፊቱን በእጁ ዳሰሰው። ፊቱም እንደዚያው ነበር፤ ልጁ እየሞተችበት ያለ ሰው ፊት አይመስልም። እንኳን ነርሷ፣ እሱ ራሱ በመስታወት ቢያየው አያምነውም ነበር።

አማቱ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እባክዎ እርስዎ ይጩሁልኝ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ለክዳን ይጮሁ የለም እንዴ? አንዴ ብቻ፣ በልጄ ይሁንብዎ።»

«አልወጣ አለኝ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ለክዳኑ የምጮኸውማ ክዳን ስለሆነ ነው። ለዚህች ከጮህኩ እውነት ይሆንብኛል።» ሚጣን ይበልጥ ወደ ጉያቸው አስጠጓት።

ከዚያ ምቱ ቆመ።

ሰንጣቂው መጀመሪያ ልብ አላለውም። ልብ ሲል ግን የኮሪደሩ ጫጫታ በሙሉ የራቀበት መሰለው። የልጁ እጅ አግዳሚው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

«ሚጣ?»

«አባዬ፣ አሁን ሕመሙ ተወኝ። አላመመኝም።»

ለአፍታ እፎይ ሊል ነበር። ከዚያ ፊቷን አየው። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደደ። ሆዷ ጠንክሯል፤ ጣውላ የነካ ነው የመሰለው። ይህ መዳን እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም።

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ የወጣው ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ነገር ነው። ሰው ዞር እንኳ አላለም። ስንት ዓመት የዋጠው ሁሉ እዚያ ታች ተከምሮ መንገዱን ዘግቶበታል። በእናቱ ሞት ያላለው ወይኔ፣ በልጁ መወለድ ያላለው እሰይ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ።

ወለሉ ላይ ተንበረከከና የልጁን ፊት በሁለት እጁ ያዘ።

«ሚጣ፣ የኔ እናት፣ ጩኺ።»

ስረቂ ያላት ይመስል አየችው።

«እኔ ነኝ የምልሽ። እዚህ መጮህ ይቻላል። እንዲሰሙሽ ጩኺ።»

«መጋዙ ላይ ማን አለ?» አለች ሚጣ።

«ማንም የለም። አጥፍቼው ነው የመጣሁት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት እኔ ነበርኩ።»

«ለዚህ ነው እኮ ያልጮህኩት» አለች። ድምፏ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «በጣም ነበር ያመመኝ። ግን እጅህ...» ንግግሯን አልጨረሰችም። ፊቷን የያዘውን እጁን በደካማ እጇ አወረደችና ጣቶቹን ተራ በተራ መዳሰስ ጀመረች፤ ከትንሿ ጣት ተነስታ፣ አንዷንም ሳታልፍ።

ሰንጣቂው ያን ጊዜ ገባው። ጨዋ ስለሆነች አልነበረም፤ ጎበዝ ስለሆነችም አልነበረም። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከዚያም ሌሊት ጨለማ ውስጥ፣ ሆዷን ይዛ ጥርሷን ነክሳ ስትቆይ የሱን ጣቶች እየጠበቀች ነበር። እሱ ራሱ ነው ያስተማራት። ባለ ጩኸቱን ሁሉ አልፎ ሞት ወደሷ ቢመጣ፣ በሩን የከፈተለት እሱ ነው።

ታች የተከመረው ተናደ። «ኡኡ» አለ ሰንጣቂው። ሰው የሚያወጣው ድምፅ አይመስልም፤ ሻካራ፣ ያልተገራ፣ ለራሱም እንግዳ የሆነበት ድምፅ ነበር። «ኡኡ፣ ልጄን!» ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ጎረምሳ እንኳ ከመጋረጃው ጀርባ ዝም አለ።

በሕይወቷ የአባቷን ጩኸት ሰምታ የማታውቀው ልጅ ግን ጩኸት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጩኸት እጅ ይቆርጣል። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከየት እንዳመጣችው በማይታወቅ ጉልበት ተነሳችና ጮኸች።

«አባዬ እጅህን! እጁን ቆረጠው፣ እጁን ቆረጠው!»

ነርሷ የያዘችውን ትሪ ጥላ እየሮጠች መጣች። ደም ፍለጋ የሰውየውን እጅ አየች፤ ደም የለም። ልጅቷን አየች፤ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ሆዷን አንዴ ነካችና «ዶክተር!» ብላ ተጣራች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። ዶክተሩ «ትርፍ አንጀት ነው፤ ፈንድቷል» አለ። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ የጠየቀም ነበር፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ባለ ጎማ አልጋ መጣ። ሚጣ አልጋው ላይ ሆና አሁንም «እጁን፣ እጁን» ትላለች። ሰንጣቂው ከጎኗ እየሮጠ ሁለት እጆቹን ፊቷ ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። «እነሆ ሚጣ፣ ሙሉ ነው፣ እነሆ እይው።» የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊቱ ላይ ሲዘጋ እጆቹን እንደዘረጋ ቀረ። አንድ ጽዳት ሠራተኛ መጥታ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

ጥበቃው ረጅም ነበር። አማቱ አጠገቡ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እሱ ግን ማቆም አቃተው። በር ሲከፈት «ወይኔ» ይላል፣ እግር ኮቴ ሲሰማ «ወይኔ» ይላል፤ ለሚስቱ ሲደውልም ከዚህ ሌላ መናገር አልቻለም፤ ስልኩን አማቱ ተቀብለውት በቀስታ አስረዷት። ዶክተሩ በመጨረሻ ወጣና መግሉ ሆዷ ውስጥ መበተኑን፣ አጥበው ማውጣታቸውን፣ ጥቂት ዘግይታ ቢሆን ግን እንደማይደርሱላት ነገራቸው። ሌሊቱን በደህና ካለፈች ትተርፋለች አለ።

አለፈች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ነቃች። ሰንጣቂው ከአልጋው ጎን ወንበር ላይ ነበር። ማደንዘዣው እየለቀቃት ነው፤ ሕመሙ ሲመጣ ከፊቷ ላይ አየው፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ፣ ከንፈሯ ተገጠመ፣ መዳፏ ቀስ ብላ የአልጋውን ብረት ፈለገች።

መዳፏን ያዘና ከብረቱ ላይ አነሳት። ከዚያ ሁለት እጆቹን፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጠላት።

ሚጣ ጣቶቹን አየቻቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብላ፣ እሱ እንኳ በጭንቅ በሚሰማው ድምፅ «ወይኔ» አለችና ትንፋሿን ውጣ ጣቶቹን ተመለከተች። ባሉበት ናቸው። ትንሽ ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ አሁንም ተመለከተች። ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ዋርዱ እስኪሰማ ድረስ፣ እንደማንኛውም ልጅ አለቀሰች።

ሰንጣቂው ፈራ። መጋዝ የሌለበት ክፍል መሆኑን ያውቃል፤ ያም ሆኖ እሷ በጮኸች ቁጥር ክንዱ በድንጋጤ ይሸማቀቃል፣ ጣቶቹም ለመሸሽ ይሰበሰባሉ። መልሶ ይዘረጋቸዋል። አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ከብርድ ልብሱ ላይ አላነሳቸውም።